ቦቱ ዝም ያለበት ዋዜማ

የገና ዋዜማ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ ሰው ኬክ መብላት ትቷል እንዴ?» አለችኝ። ቀልድ ይመስላል፤ ድምጿ ግን የቀልድ አልነበረም። ቤቷ ውስጥ ኬክ እየጋገረች ትሸጣለች። ትዕዛዝ የምትቀበለው በቴሌግራም ቦት ነው፤ ቦቱን የሠራሁላት ደግሞ እኔ ነኝ። ለበዓሉ ብላ እንቁላሉን፣ ቅቤውን፣ ክሬሙን በዱቤ ገዝታ ፍሪጇን ሞልታለች። ከጠዋት ጀምሮ ግን አንድም ትዕዛዝ አልገባላትም።

ስልኬን አውጥቼ ራሴ አዘዝኩ። «3 ኪሎ» ብዬ ላክሁ። መልስ የለም። ደግሜ ላክሁ። ጭጭ።

ሰርቨሩ ውስጥ ገብቼ ሳይ በዚያን ቀን ብቻ 31 ሰው ጽፏል። ሁሉም ኪሎውን ልኮ፣ ጠብቆ፣ መልስ ሲያጣ ወደ ሌላ ቤት ሄዷል። ምክንያቷ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ነበረች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰረዟ ግን የት እንደገባች ካላወቃችሁ ጥፋቴም አይገባችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንቁላልና የቅቤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እህቴ (የአክስቴ ልጅ ናት፣ እኔ ግን እህቴ ነው የምላት) ዋጋ በቀየረች ቁጥር ማታ አምስት ሰዓት ላይ ትደውልልኝ ነበር። ሲመረኝ ጊዜ የዋጋውን ፎርሙላ ራሷ ከስልኳ እየጻፈች እንድትልክ አደረግሁ። «ኪሎ * 1200 + 200» ብላ ስትልክ ቦቱ ጽሑፉን ያስቀምጠዋል፤ ሰው ሲያዝ በ«ኪሎ» ፋንታ የታዘዘውን ቁጥር ተክቶ ያሰላዋል። 200ዋ የማድረሻ ናት። በነገራችን ላይ፣ «ኪሎ» የሚለው ቃል በአማርኛ መጻፉ አያስገርማችሁ። ፓይተን ከ3ኛው ትውልዱ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ያለምንም ችግር ይቀበላል።

አንድ ፕሮግራም እየሠራ እያለ ከሰው የመጣን ጽሑፍ ተቀብሎ እንደ ኮድ ሲያስኬደው «ኢቫል» ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆን ማካርቲ የሚባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ ሲነድፉ ኢቫልን ያሰቡት በወረቀት ላይ፣ እንደ ቲዎሪ ነበር። ስቲቭ ራስል የሚባለው የሥራ ባልደረባቸው ወረቀቱን አይቶ «ይሄማ በማሽን ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል» አለና አይቢኤም 704 ላይ ጽፎ አስኬደው። ማካርቲ ራሳቸው አልጠበቁትም ነበር። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ኮድ የምትለማመዱባቸው አፖች፣ የኤክሴል ሳጥኖች፣ የኔ ደካማ ቦት፣ ሁሉም የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

ለዋዜማው እህቴ አዲስ ሕግ አወጣች፤ ከሁለት ኪሎ በታች የሚያዝ ሰው የሁለት ኪሎ ዋጋ ይክፈል። ለዚህ እንዲሆናት «ትልቁ» የምትባል፣ ከሁለት ቁጥር የሚበልጠውን የምትመርጥ ነገር ቀድሜ ሰጥቻታለሁ። እሷም ማታ አልጋ ውስጥ ሆና በአማርኛ ኪቦርዷ እንዲህ ብላ ላከች፦

ትልቁ(ኪሎ፣ 2) * 1300 + 200

አያችሁት? ለእኔና ለእናንተ ምንም ችግር የለበትም። ፓይተን ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ኮማ ነው። የኛ ነጠላ ሰረዝ ለእሱ ሌላ ምልክት ናት፤ ኮድ ውስጥ ቦታ የላትም። ስለዚህ ስሌት ከመጀመሩም በፊት፣ ጽሑፉን ገና እያነበበ፣ «ይሄ ልክ ያልሆነ ምልክት ነው» ብሎ ይቆማል። ኮምፓይል የማድረግ ስህተት የሚባለው ይሄ ነው። ኮዱ ሮጦ አልወደቀም፤ መሮጫው ላይም አልደረሰም።

እንግዲህ የኔ ጥፋት። ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ሰዓቱ ነው። ቦቱ ፎርሙላውን ሲቀበል እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀመጠው፣ «ተቀምጧል» ብሎም መለሰላት። ኮምፓይል ያደረገው ግን ጠዋት፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ሲያዝ ነው። ስለዚህ የእሷ ስህተት የደረሰው ደንበኛው ጋ ነው። ሰውየው ደግሞ ስለ ሰረዝ ምን አገባው? እሱ ኬክ ነው የፈለገው። ስህተቱን ማረም የምትችለው ብቸኛ ሰው፣ እህቴ፣ «ተቀምጧል» የሚለውን አንብባ ተኝታለች።

ሁለተኛው ይብሳል። ቦቱ በሆነ ባልሆነው እንዳይቆም ብዬ ሥራውን በሙሉ በ«ሞክር» ውስጥ ከትቼ፣ መጨረሻው ላይ «ማንኛውም ስህተት ከመጣ እለፈው» ብዬ ጽፌ ነበር። ፓይተን የተማረ ሁሉ አንድ ቀን ይህችን መስመር ጽፏታል፤ አልጻፍኩም የሚል ይዋሻል። ቦቱ እንዳልኩት አለፈው። 31 ጊዜ አለፈው። ቢቆምና ቢሞት ኖሮ ቢያንስ ሰርቨሩ ጩኸት አሰምቶ አነቃኝ ነበር።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «የኮምፓይል ስህተት በሞክር ይያዛል እንዴ? እኔ ሞክሬ አልያዘልኝም።» ልክ ናችሁም፣ አይደላችሁምም። ስህተቱ ያለው እናንተው በጻፋችሁት ፋይል ውስጥ ከሆነ ያው ፋይል ውስጥ ያለ «ሞክር» ሊይዘው አይችልም። ፋይሉ በሙሉ መጀመሪያ መነበብ አለበት፤ ንባቡ ላይ ከወደቀ «ሞክር» የሚለው ራሱ አልተጀመረም። ከተጠቃሚ የመጣው ኮድ ግን ለፕሮግራማችሁ ገና ጽሑፍ ነው። እሱን ኮምፓይል አድርግ የሚለው ትዕዛዝ የሚሰጠው የእናንተ ፕሮግራም በሰላም እየሮጠ እያለ ነው፤ ስለዚህ የእሱ የኮምፓይል ስህተት ለእናንተ እንደ ማንኛውም በሥራ መሀል እንደሚመጣ ስህተት ይያዛል። ጃቫስክሪፕትም በዚህ ልክ እንደ ፓይተን ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከመጣ ወዲህ ኮድ የሚሞክር ወጣት በዝቷል። ላፕቶፕ የሌለው ደግሞ በስልኩ ይሞክራል። ስልክ ላይ የሚጻፍ ኮድ የራሱ በሽታዎች አሉት። አራት ነጥብና ሁለት ነጥብ ከአማርኛ ኪቦርድ ሾልከው ይገባሉ። ካልኩሌተር የለመደ ሰው የማባዣዋን ኮከብ ትቶ «×» ይጽፋል፣ ለማካፈል «÷» ያስገባል፤ ፓይተን ሁለቱንም አያውቃቸውም። ከቴሌግራም ኮፒ የተደረገ ኮድ ውስጥ ደግሞ ቀጥ ማለት የነበረባቸው የጥቅስ ምልክቶች ጎበጥ ጎበጥ ብለው ይመጣሉ፤ አንዳንድ ስልኮች «ላሳምርልህ» ብለው ራሳቸው ይቀይሯቸዋል። እነዚህ ሁሉ ኮምፓይል ላይ ስለሚያዙ ደግ ስህተቶች ናቸው እላለሁ። ፊት ለፊት ይመጣሉ።

ደግ ያልሆኑትን እዩ። ስልካችሁ የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል ራሱ ካፒታል ያደርጋታል፤ «ፕሪንት» የሚለው ትዕዛዝ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ይሄ ኮምፓይል ያልፋል! ሰዋስው አልተጣሰም፤ «በትልቅ ፊደል የሚጀምር ፕሪንት የሚባል ነገር ይኖራል» ብሎ ይቀበለዋል። ሲሮጥ ነው «እንዲህ የሚባል አላውቅም» የሚለው። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ የራሳችን ወጥመድ አለን። ቦቱ የኬኩን ዓይነት «ዓይነት» ብሎ ያውቀዋል፤ እህቴ «አይነት» ብላ ትጽፋለች። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለአንባቢም አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ዓይኑ «ዓ» እና አልፋው «አ» እንደ «በ» እና «ከ» የተለያዩ ናቸው። «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ም እንዲሁ። ኮምፓይለሩ አንዱንም አይከሳችሁም።

ልዩነቱ ግልጽ እንዲሆንላችሁ ኤክሴል ከፍታችሁ ሞክሩት። «=5+*3» ብትሉት አልቀበልም ብሎ ያፋጥጣችኋል፤ ሳጥኑን ለቃችሁ መሄድም አትችሉም። «=5/0» ብትሉት ይቀበልና ሳጥኑ ውስጥ የስህተት ምልክት ያስቀምጣል። አንዱን ሳጥን ራሱን በራሱ እንዲያሰላ ብታደርጉት ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም እንደሆነ ያስጠነቅቃችኋል። ሦስት ዓይነት ችግር፣ ሦስት ዓይነት መልስ። የመጀመሪያው ላይ ጸሐፊውን አይለቀውም፤ እኔ ማድረግ የነበረብኝም ይሄንኑ ነው።

አደረግሁትም። ያን ቀን ማታ ሰረዟን በእጄ ቀይሬ ቦቱን ካስነሣሁ በኋላ (ስድስት ትዕዛዝ ገባ፤ የቀረውን ክሬም ዘመድ ተካፈለው፣ ዱቤው ግን የእሷ ነው) ከበዓሉ ማግሥት ተቀምጬ እንደገና ጻፍኩት።

አሁን ፎርሙላ ሲላክ ቦቱ እዚያው ኮምፓይል ያደርገዋል፤ አያስኬደውም። ፓይተን ሁለቱን ነጥሎ እንድንሠራ ይፈቅዳል። ካልተሳካ አሮጌው ፎርሙላ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ይሄ ትልቁ ነገር ነው። አዲሱ እስኪስተካከል ትናንት የሠራው ዋጋ መሥራቱን ይቀጥላል። ከተሳካ ደግሞ ኮምፓይል የሆነው ኮድ የተጠቀመባቸውን ስሞች ዝርዝር ይዞ ስለሚወጣ፣ ቦቱ ዝርዝሩን ከሚያውቃቸው ስሞች ጋር ያስተያያል። «አይነት» ካገኘ፣ ገና ሳይሮጥ፣ «ዓይነት ለማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ለሙከራ በ1፣ በ2 እና በ3 ኪሎ አስልቶ ያሳያታል፦ 2800፣ 2800፣ 4100 ብር። እሷ «ልክ ነው» ካላለች አይቀመጥም። ለምን ቢባል፣ ከ1300 ላይ አንዲት ዜሮ ብትረሳ ሦስት ኪሎው 590 ብር ይሆናል፤ እሱን ኮምፓይለርም፣ ማንኛውም ማሽንም አይነግራትም። ዓይኗ ነው የሚነግራት።

መልእክቱን መጻፍ ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ በላብኝ። ፓይተን ስህተቱ በስንተኛው መስመር፣ በስንተኛው ፊደል ላይ እንዳለ ይነግረናል። የእህቴ 7ኛዋ ፊደል ላይ ነበር። «ሲንታክስ ኤረር» ብሎ መላክ ለእሷ ስድብ ነው። «7ኛዋ ፊደል ላይ የአማርኛ ነጠላ ሰረዝ አለች፤ በእንግሊዝኛው ኮማ ቀይሪያት» ስትባል ግን በአምስት ሰከንድ ትጨርሳለች። «ታዲያ ቦቱ ራሱ ለምን አይቀይራትም?» ትሉኝ ይሆናል። ፎርሙላ ብቻ ከሆነ ይቀይር፣ የቀየረውን ግን ያሳይ። ሙሉ ኮድ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት፤ በጥቅስ ውስጥ ያለው የሰው አማርኛ ላይ ያሉት ሰረዞችም አብረው ይለወጣሉ።

የሚጠቆመው ቦታም ሁልጊዜ አይታመንም። ማሽኑ የሚያሳያችሁ ግራ የገባውን ቦታ እንጂ እናንተ የሳታችሁትን ቦታ አይደለም። ቅንፍ ከፍታችሁ ሳትዘጉ ከረሳችሁ የድሮ ፓይተን የሚከሰው ከታች ያለውን ምንም ያላጠፋ መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የወጣው 3.10 ነው «ይቺ ቅንፍ አልተዘጋችም» ብሎ የተከፈተችውን ራሷን መጠቆም የጀመረው። ስንት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የተሳሳተ መስመር ላይ አፍጥጦ እንዳደረ አስቡት። እኛም ይሄን እንዳናባብሰው መጠንቀቅ አለብን፤ የተጠቃሚውን ኮድ በራሳችሁ ሦስት መስመር መግቢያ ጠቅልላችሁ ካስኬዳችሁት የእሱ 1ኛ መስመር 4ኛ ተብሎ ይነገረዋል። እሱ ደግሞ የጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

እና ያማረውን መልእክቴን ጽፌ ጨርሼ ሞከርኩት። ሆን ብዬ ነጠላ ሰረዝ ያለበት ፎርሙላ ላክሁ። ጭጭ!

ላብ አጠመቀኝ። ምክንያቱን ሳገኘው ሳቄ መጣ። መልእክቱ ውስጥ የተሳሳተውን ፎርሙላ መልሼ አስገብቼዋለሁ፤ ፎርሙላው ውስጥ አንዲት የማባዣ ኮከብ አለች። እኔ መልእክቱን የምልከው ጽሑፍ በሚያደምቀው መንገድ ስለነበር ቴሌግራም ኮከቧን የደማቅ ጽሑፍ መክፈቻ አድርጎ ወሰዳት፣ መዝጊያዋን ፈልጎ አጣ፣ መልእክቱን አልልክም አለ። ስህተትን የሚያስረዳው መልእክት ራሱ በስህተት ወደቀ። ከሰው የመጣው ጽሑፍ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ትዕዛዝ ተነበበ ማለት ነው።

እኔን ያሳቀኝ ነገር ሌሎችን አስለቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው የብድር መረጃ ኩባንያ ኢኩፋክስ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን የግል መረጃ ተዘርፏል። በሩ አፓቼ ስትረትስ የተባለው፣ ድረ ገጽ የሚሠራበት ሶፍትዌር ነበር። ወደ ሰርቨር የሚላክ ጥያቄ «የያዝኩት እንዲህ ዓይነት ፋይል ነው» የሚል መግለጫ አለው። ዘራፊዎቹ በመግለጫው ቦታ ላይ ትዕዛዝ ጻፉ። ሶፍትዌሩ መግለጫውን ሊረዳው አልቻለም፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ የስህተት መልእክት ሲያዘጋጅ ያንኑ ጽሑፍ መልእክቱ ውስጥ ከተተው፤ መልእክቱን ሲገነባ ደግሞ ውስጡ ያለውን እንደ ኮድ አስኬደው። ማስተካከያው በመጋቢት ወር ወጥቶ ነበር፤ ዘራፊዎቹ የገቡት በግንቦት ነው። የኔ ኮከብ መልእክት አስቀረች፤ የእነሱ ያን ሁሉ መረጃ አስወጣ። መንገዱ ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ከእህቴ በቀር ማንም ፎርሙላ የማይልክበት ቦት ላይ እንኳ አጥር ሠራሁ። ኮምፓይል ሆነ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። «9 ** 9 ** 9» ብላችሁ ጻፉ፤ ዘጠኝን በዘጠኝ ኃይል፣ እሱን መልሶ የዘጠኝ ኃይል ማድረግ ነው። ሰዋስው እንከን የለውም፣ የሚጠቀምበት ስም የለም፣ ኮምፓይል ላይ ያልፋል። መልሱ ግን ከ369 ሚሊዮን በላይ አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ ሰርቨሩ እሱን ሲቆጥር የኬክ ደንበኛው ይጠብቃል። ስም መከልከልም ብቻውን አያድንም፤ ፓይተን ውስጥ ከአንዲት ተራ ቁጥር ተነሥቶ ወደ ተከለከለው ጓዳ የሚገባ ብልጥ ሰው አይጠፋም። የኔ ቦት አሁን ፎርሙላውን ወደ ሰዋስው ዛፍ ይበትነዋል፣ ቁጥር፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና የተፈቀዱ ስሞች ካልሆኑ በስተቀር ሁሉንም ይመልሳል። የሌላ ሰው ሙሉ ኮድ ማስኬድ ለምትፈልጉ ይሄ አይበቃችሁም፤ ኮዱ ብቻውን በተለየ ክፍል ውስጥ፣ ሰዓት ተቆርጦለት፣ የእናንተን ፋይልና ቁልፍ በማያይበት ቦታ መሮጥ አለበት። ያንን መሥራት ካልቻላችሁ ባታስኬዱት ይሻላል። እኔም ለጓደኞቼ የኮድ መለማመጃ ቦት ልሠራ አስቤ የተውኩት በዚሁ ነው።

«ማንኛውም ስህተት ከመጣ እለፈው» የምትለዋን መስመር አጠፋኋት። በምትኩ ሦስት ቦታ ተከፋፈለች። የኮምፓይል ስህተት ወደ እህቴ ይሄዳል። ሲሮጥ የሚመጣ ስህተት ለደንበኛው «ዋጋውን አሁን ማስላት አልቻልንም፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ይልና ለእኔም ይደርሰኛል። ሌላው፣ ያላሰብኩት ዓይነት፣ ወደ እኔ ብቻ።

ለፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ። እህቴ አዲስ ፎርሙላ ልካ ቦቱ ሁለት ጊዜ መልሶባታል። ሦስተኛው ላይ 2800፣ 2800፣ 4100 የነበረው 3000፣ 3000፣ 4400 ሆኖ ተቀምጧል። ከሥሩ ለእኔ የጻፈችው መልእክት አለ፦ «ይሄ ቦትህ ከአማርኛ መምህሬ ይብሳል። ግን ገባኝ።»